የትራክተሩ መሐመድ ሚስት

ሰመራ ላይ ብርድ ገባ የሚባለው ሰው ቬንትሌተሩን አጥፍቶ መተኛት ሲችል ነው። በዚያ ሰሞን፣ ማለዳው ለስለስ ባለበት ቀን፣ ልጄ ሐያት ደም ግፊቴን ልታስለካኝ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ጨርሰን ስንወጣ ባጃጆች ከሚቆሙበት ጥግ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣ አንዲት ሴት ምርኩዝ ይዛ ቆማለች። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ወደ ውስጥ ዞሯል። ከፊቷ በፊት ያየሁት እግሯን ነው፤ እግሯን ሳይ ደግሞ ማን እንደሆነች ልቤ ነገረኝ። ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ ላልፍ ስል ጠራችኝ።

«እትዬ ዘይነባ! እትዬ ዘይነባ አይደለሽም? የትራክተሩ መሐመድ ሚስት?»

እንዲህ ተብዬ ከተጠራሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ሰመራ ላይ የሐያት እናት ነኝ። ባጃጅ ነጂዎቹ እማማ ይሉኛል፣ ጎረቤቶቼ ዘይነባ የወሎዋ ይሉኛል፤ ባሌንም ዘበኛው ይሉት ነበር እንጂ ድሮ ምን ይነዳ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ከተማዋን የወደድኳት ለዚህ ነው። አዲስ ከተማ ስለሆነች ማንም የማንንም የትናንት ታሪክ አይጠይቅም።

«ተሳስተሻል እህቴ» አልኳት። «እኔ መሐመድ የሚባል ባል የለኝም።»

አልተከራከረችኝም። አየት አደረገችኝና፣ «ይቅርታ እናት፤ ሰው መስለውኝ ነው» አለች። አንቺ ማለቷን ትታ አንቱ አለችኝ። ያ አንቱታ እንደ ጥፊ ነው የተሰማኝ።

ሐያት ባጃጅ ጠራችና ተሳፈርን። ቤት ገብተን የያዘችውን መድኃኒት ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠች በኋላ ዞር ብላ፣ «እማ፣ የኔ አባት ማን ነው ታዲያ?» አለችኝ።

ምን ይመለሳል? አባቷን ታውቀዋለች። አርጅቶ፣ ጎብጦ፣ ደጃፍ ላይ በሚሰግድበት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አይታዋለች። በእጇ ውሃ አጠጥታዋለች። እኔ ግን በሞተ ባሌ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጄ አጠገቤ ቆማ ካድኩ። ገብቼ ተጋደምኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

የዚያች ሴት ስም ዓለሚቱ ነው። ያን ጊዜ ገና ልጃገረድ ነበረች፤ ከታላቅ እህቷ ከወርቅነሽ ጋር ከወላይታ ጥጥ ለቀማ የመጣች። እኔም ብሆን ገና ሙሽራ ነበርኩ። ከሐርቡ ተድሬ፣ በባቲ ዞሬ፣ ሚሌን አልፌ ወደ አዋሽ ዳር ስወርድ እንዲህ ያለ ሙቀት በዱንያ ላይ አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ መንግሥት ሊለወጥ ነው የሚባልበት፣ ሰው ሬዲዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚሰማበት ጊዜ ነበር። እርሻው ከአዳይቱ ወዲያ ወንዙን ተከትሎ የተዘረጋ የጥጥ እርሻ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ስንቴ ተቀያይሯል። የምረሳው ግን አይደለም። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥራ አምስት ሳንቲም የሚሸጥበት ዳስ ከጋራዡና ከመስጊዱ መሀል ነበር፤ ከሱ ቀጥሎ የሰይድ ሱቅ። ሰይድ የባቲ ሰው ነው። ከጅቡቲ በኩል የመጣ ሽርጥ፣ አበባ የተሳለበት ፔርሙስ፣ ጠርሙሱ እንደ ጣት የቀጠነ ሽቶ፣ የሴት ኮንጎ ጫማ በየቀለሙ ደርድሮ ይሸጣል። ቴፑ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም፤ ካሴቱ በሙቀቱ ስለሚላላ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎትታል። ዛሬም ሰመራ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ያረጀ ዘፈን ስሰማ፣ ድምፁ ጥርት ማለቱ ይገርመኛል።

መሐመድ የትራክተር ሹፌር ነበር። በዚያ አገር የትራክተር ሹፌር ማለት ቀላል ሰው አልነበረም። ካኪ ልብሱን እኔ ራሴ በከሰል ካውያ ተኩሼ አለብሰዋለሁ፣ በምሳ ሰዓት ግን ዘይትና አቧራ ጠጥቶ ይመለሳል። ሰፊ ገለባ ባርኔጣ ነበረችው፤ አፋሮቹ «ባርኔጣው» ይሉታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። እርሻው የሰጠን ቤት አንድ ክፍል ነው፣ ቆርቆሮ ክዳኑ ቀን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ግን ቤት ነው፣ በሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት። ከሐርቡ የመጣች ሴት ቁጥር ያለው ቤት አላት ማለት ያን ጊዜ ኩራት ነበር። ኮርቼ ነበር። አሁን ሳስበው በዚያ ኩራቴም አፍራለሁ።

ለቃሚዎቹ የሚመጡት ብርዱ ሲገባ ነው። ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከጎጃም፣ ከኛም ከወሎ፣ በጭነት መኪና ተጭነው ይመጣሉ። ወንዶቹ በረባሶ ጫማ፣ ሴቶቹ ባዶ እግራቸውን፤ የሁሉም ጓዝ አንድ ጆንያ ነው። ጠዋት በተሳቢ ይሄዳሉ፣ ማታ በጥጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው በተሳቢ ይመለሳሉ። ያን ተሳቢ የሚጎትተው ባሌ ነው። ሲመለሱ በየቋንቋቸው ይዘፍናሉ፤ አማርኛ የሚያውቁት አንዲት ነገር ነበረቻቸው፣ ማን እንደገጠማት አላውቅም፦

ጥጡን ለቀምኩልሽ ጣቴ እየደማ፣
ነጠላሽን ልበሺ ማን አይቶ ማን ሰማ።

ዓለሚቱና ወርቅነሽ ከበርሜሌ ውሃ ሊቀዱ ይመጡ ነበር። ወርቅነሽ ሳቂታ ናት፤ ፀጉሬን ልሥራሽ ብላ አንድ እሑድ ከሰዓቱን ሙሉ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ሠራችኝ። ክፍያ ስላት ሳቀችብኝ። ዓለሚቱ ትንሽ ስለነበረች አትናገርም፣ ዝም ብላ የሰይድን ኮንጎ ጫማዎች ከሩቅ ታያለች።

በዚያ ሰሞን መሐመድ ማታ ማታ እግሩን ሲታጠብ ዝምታው በዛ። አንድ ቀን ምን ሆነሃል ብለው፣ «የተሳቢው ፍሬን አይዝም» አለኝ። ለጋራዡ ነግሯል። ለማሳው ኃላፊ ነግሯል። ደጋግሞ ነግሯል። ኃላፊው ጥጡ ዝናብ ሳይነካው ይነሣ፣ ለቀማው ሲያልቅ ይሠራል ብሎታል። በመጨረሻ፣ «መንዳት ካልፈለግክ ቁልፉን አስቀምጥ» አለው። የትራክተሩን ቁልፍ ያስቀመጠ የቤቱንም ቁልፍ ያስቀምጣል። እኔ ሐያትን አርግዣለሁ፣ የመውለጃ ወሬ ገብቶ ነበር። መሐመድ እግሩን አድርቆ ሰገደና ተኛ። በማግሥቱ ነዳ። ከማግሥቱም በኋላ ነዳ።

ነገሩ የሆነው ከአስር ሰላት በኋላ ነው። የዋናው ቦይ ዳርቻ ከፍ ያለ ነው፤ መንገዱ በሱ ላይ ይሄድና ወደ ድልድዩ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ተሳቢው ትራክተሩን ከኋላ ገፋው፣ ተጣጠፈ፣ ከነሰዉ ከነጆንያው ቦዩ ውስጥ ተገለበጠ። ጥጥ ደረቅ ሲሆን ላባ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ድንጋይ ነው። አብዛኞቹ የደጋ ልጆች ናቸው፣ ዋና አያውቁም። የረጠበው ጆንያ ተጫናቸው። ጩኸቱን ሰምቼ ሆዴን በእጄ ደግፌ ስሮጥ፣ ግመል ሊያጠጡ የመጡ የአፋር ጎረምሶች ጊሌ ጩቤያቸውን ከወገባቸው እየፈቱ ውሃው ውስጥ ሲዘሉ አየሁ። መሐመድ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ባርኔጣው የለም፣ ጆንያ ይጎትታል። ከጆንያው ሥር ሰው ይወጣል። አንዳንዱ ያስላል፣ አንዳንዱ አያስልም። ወርቅነሽን ያወጣት እሱ ነው። አታስልም ነበር። ዓለሚቱን እግሯ ከተሳቢው ብረት ሥር ተይዞ አገኟት።

ፖሊስ መሐመድን ከነርጥብ ልብሱ ወሰደው። ስንት ሰው እንደሞተ እርሻው አንድ ቁጥር ይላል፣ የቀበሩት ሌላ ይላሉ። በሙቀቱ የተነሳ ማደር አይችሉምና እዚያው ቦዩ ዳር ቀበሯቸው። ማተብ ላለው ቄሱ፣ እስላም መሆኑ ለታወቀው ሼኩ ጸለዩለት። ሃይማኖታቸው ባልታወቀው ሰዎች ላይ ሰዉ ሲከራከር አንድ የአፋር ሽማግሌ፣ «አፈሩ አይጠይቅም» አሉ፤ ሁለቱም ጸለዩላቸው። በሳምንቱ ከእርሻው ቢሮ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ አደጋው የደረሰው በሹፌሩ ጥንቃቄ ጉድለት ነው። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ሰይድ አነበበልኝ፣ አንብቦም ቴፑን ዘጋ።

ማንም አልሰደበኝም። ይህን ሰው አያምነኝም። ቧንቧ ስሄድ ሴቶቹ እንስራቸውን ወደ ጎን አድርገው ያሳልፉኛል፤ ከዚያ ወሬው ይቆማል። ቀዳሁ፣ ተመለስኩ፣ ከጀርባዬ ወሬው ይቀጥላል። ቤቱን ለቀቅኩ፤ ሐያትን ወልጄ በሎግያ እንጀራ ሸጥኩ፣ ልብስ አጠብኩ። መሐመድ እስሩን ጨርሶ ሲወጣ መሪ አልነካም ብሎ ማለ፣ አልነካምም። ሰመራ ስትቆረቆር የዘበኝነት ሥራ አገኘ። መኪና ላይ አይሳፈርም፤ ሩቅም ቢሆን በእግሩ ይሄዳል። አንድ ቀን «ፍሬኑን ለዳኛው ነግረኸው ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። «ምን ብዬ?» አለኝ። «መሪውን የያዘው ማን ነው?» ከዚያ ወዲያ አላነሳሁበትም። ባለፈው ረመዷን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ አኼራ ሄደ፣ አላህ ይርሐመው።

እንግዲህ የካድኩት ይህን ሰው ነው።

ሐያት ለቀናት አላናገረችኝም። ምግቤን ታቀርባለች፣ መድኃኒቴን ትሰጠኛለች፣ ግን ዓይኔን አታይም። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ «ልበሽ፣ ዲቾቶ እንሄዳለን» አለች። ባጃጅ ነጂዎቹን ጠይቃ ኖሯል፤ ያቺ እግሯ የተጎዳ ሴት ዲቾቶ ላይ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ቁርስ ቤት አላት። እምቢ ለማለት ፊት አልነበረኝም።

ዲቾቶ እንደሁሌው ነው፤ የጅቡቲ መኪናዎች ግራና ቀኝ ተኮልኩለዋል፣ ረዳቶቹ ጎማ ይመታሉ፣ ናፍጣ ይሸታል። ዓለሚቱ ፉል ለሹፌሮች እያቀረበች ነበር። ስታየን አልደነገጠችም። ወንበር ሳበችልኝ፣ ሻይ አቀረበችልኝና ቆመች።

«አንቱ ልበል ወይስ አንቺ?» አለችኝ።

«አንቺ በዪኝ» አልኩ። «አፍሬ ነው የካድኩሽ።»

«በኔ?»

«በራሴ። በሱም።»

ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። «እኔ የፈለግኩሽ ላሳፍርሽ አይደለም» አለች። «በየዓመቱ እዚያ ቦይ ዳር እንሰበሰባለን። የተረፍነው፣ ዘመድ የሞተበት፣ የአዳይቱ አፋሮች። መጀመሪያ ለጸሎት ብቻ ነበር። አሁን ግን የምንጠይቀው አለ። መቃብሩ ላይ ስም ያለበት ድንጋይ ይቁም። ሰው በተሳቢ መጫን ይቅር። ዛሬም እኮ የሚጭኑት በተሳቢ ነው፣ እትዬ! እርሻው ምን ይለናል መሰለሽ? ጥፋቱ የሹፌር ነበር፣ ተፈርዶበታል፣ ነገሩ አልቋል። ዛሬ ጥሩ ሹፌር አለን ይሉናል።» ወደኔ ጠጋ አለች። «ፍሬኑ ይዝ ነበር ወይስ አይዝም? የምታውቂው ካለ ንገሪኝ። ካላወቅሽም ሻይሽን ጠጥተሽ በሰላም ሂጂ።»

ነገርኳት። እግሩን ሲታጠብ ያለኝን፣ ጋራዡን፣ ኃላፊውን፣ ቁልፉን። ስናገር ሐያትን አላየኋትም። ስጨርስ የጠየቀችኝ ዓለሚቱ ሳትሆን ሐያት ናት።

«እስከ ዛሬ ይህን ለምን አልተናገርሽም?»

«የሹፌር ሚስትን ማን ያምናል?» አልኳት። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አልነበረም። የቀረውን ያን ጊዜ አፌ አላወጣውም።

መታሰቢያው በእሑድ ቀን ነበር። በሚኒባስ ሎግያንና ሚሌን አልፈን ወረድን። ቦዩ ጠቧል፣ ዳርቻውን ከውጭ የገባው እሾሃም ዛፍ ወርሮታል፤ የሻይ ዳሱና የሰይድ ሱቅ የነበሩበት አሁን ባዶ ሜዳ ነው፣ ፌስታል ይበርርበታል። መቃብሩ ግን ተጠርጓል። ከመቶ የማያንስ ሰው ተሰብስቧል። ከሰመራ የመጡ ተማሪዎች በካርቶን ላይ «ሰው ጭነት አይደለም» ብለው ጽፈው ይዘዋል፤ ያነበበችልኝ ሐያት ናት። ያን ቀን ውሃ ውስጥ ከዘለሉት አንዱ፣ ዓሊ፣ ዛሬ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ሆኖ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሟል። የእርሻው ሰው በፒካፕ መጥቶ፣ ከመኪናው ሳይርቅ፣ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ይሰማል። ወጣት ነው፤ ነገሩ ሲሆን አልተወለደም።

ስም ተጠራ። ስም የሌለውም ተጠራ፤ «አንድ የከምባታ ልጅ»፣ «ከጎጃም የመጣ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰ።» ወርቅነሽ ስትጠራ ዓለሚቱ አላለቀሰችም፣ ምርኩዟን አጥብቃ ያዘች። ከዚያ ወደኔ ዞራ ራሷን ነቀነቀች። ተነሣሁ። ሻሼን ከግንባሬ ወደ ኋላ መለስኩ።

«ዘይነባ እባላለሁ» አልኩ። «የትራክተሩ መሐመድ ሚስት ነኝ።»

ሰዉ ጸጥ አለ፤ ያን የቧንቧውን ጸጥታ አወቅኩት። ለዓለሚቱ የነገርኳትን አንድም ሳልጨምር ተናገርኩ። ስጨርስ ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ተነሣ። ጌታሁን ይባላል፣ ጎጃሜ ነው፣ ሚሌ ላይ ጫማ ይሸጣል። ወንድሙ እዚያ ተቀብሯል።

«እሜቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። ድምፁ አይጮህም። «ፍሬኑ እንደማይዝ ነግሯል አሉ። እንግዲያው አውቆ ነዳ ማለት ነው?»

የፈራሁት ይህ ነበር። አፌን ይህን ሁሉ ዘመን የዘጋው ይህ ነበር፤ እርሻውን የሚከሰው ቃል ባሌንም ይከሰዋል። ሐያት ታየኛለች። አላወቀም ብል ያምኑኝ ይሆናል፤ ግን ክሊኒኩ በር ላይ አንዴ ክጃለሁ።

«አዎ» አልኩ። «አውቆ ነዳ።»

አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች። የእርሻው ሰው መነጽሩን አነሣ። «ሰማችሁ እንግዲህ፣» አለ፣ «እኛስ ምን አልን? ሹፌሩ ነው።»

ዓለሚቱ ልትመልስ ስትል ዓሊ ዱላውን ከትከሻው አወረደ። «አንተ ልጅ ነህ፣ አላየህም» አለው። «እኔ ያን ቀን ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ሹፌሩም ከኔ ጋር ውሃ ውስጥ ነበር። ንዳ ብሎ ያዘዘው ሰውዬ ግን እዚያ ላይ፣ ደረቅ ላይ ቆሞ ነበር። ጫማው አልረጠበም። ሹፌሩ ታሰረ። ያኛው የት ታሰረ?»

ወጣቱ መነጽሩን መልሶ አደረገ። የተጠየቀውን ለአለቆቼ አደርሳለሁ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከፊሉ ሆኗል። ድንጋዩን ሰዉ አዋጥቶ አቆመ፣ እርሻው ሲሚንቶ ላከ። ለቅርቡ ማሳ አሮጌ አውቶቡስ መጣ፤ ለሩቁ ግን ዛሬም በተሳቢ ይጭናሉ ይባላል፣ ዓለሚቱና ተማሪዎቹም አቤቱታቸውን ይዘው ሰመራ ቢሮ ለቢሮ ይዞራሉ። አንዳንዴ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። ማን ነሽ ሲሉኝ እናገራለሁ። ስናገር ሁልጊዜ ፊቴ ይቃጠላል። ይበርድልኛል ብዬ ነበር፤ አልበረደልኝም።

ያን ዕለት ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ሐያት ቀድማኝ ገብታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ አጠገቧ ቦታ አልያዘችልኝም። በኔ ተቆጥታ ነው፣ በአባቷ ተቆጥታ ነው፣ ወይስ ያን ጊዜ በሆዴ ሆና ባስነዳችው በራሷ፣ አላወቅኩም። የቀረው አንድ ቦታ ጌታሁን አጠገብ ነው፤ የጫማ ከረጢቱን አስቀምጦበታል። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እስኪመሽም ቢሆን ሌላ መኪና ልጠብቅ ብዬ እግሬን ወደ ኋላ ስመልስ፣ ወደኔ ሳያይ ከረጢቱን አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገው። ገባሁ። እስከ ሚሌ እሱ መስኮቱን ያያል፣ እኔ እጄን አያለሁ። መኪናው ቁልቁል በወረደ ቁጥር ሁለታችንም የፊቱን ወንበር ብረት እንይዛለን።

ሚሌ ላይ ወረደ። በሩ ሊዘጋ ሲል ዞሮ ጎንበስ አለ።

«የዓመት ሰው ይበለን» አለኝ። «ይምጡ።»

አሜን ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። ሰውየው በሩን ይዞ ይጠብቃል፣ ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል፣ እኔ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ።

«አሜን» አለች ሐያት ከኋላ። «አመጣታለሁ።»